«እግርህን አመመህ እንዴ?»

ጋሽ መርሻ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሰብለ ናት። ማለዳ ደወለች። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ፣ «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊልን። አባዬ ‹ያች ዝምተኛዋ ልጅ ከጻፈችው አይሳሳትም› ይል ነበር» አለችኝ።

እሺ አልኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጥሁ። አዝኛለሁ፤ ከሐዘኑ የባሰብኝ ግን እፍረቱ ነበር። ጋሽ መርሻን ባስታወስሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ፊቴ ይግላል፤ ብቻዬን ሆኜም ሰው ያየኝ ይመስል አንገቴን እደፋለሁ።

እኔ በከተማችን ኮሌጅ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። እሳቸው ግንበኝነት ያስተምሩ ነበር። ላሊበላ ላይ ድንጋይ መጥረብ የሚያስተምር ሰው ከቀልድ አይድንም። ተማሪዎቹ፣ «ጋሼ፣ ላሊበላን መላእክት አግዘውታል፤ እኛን ለምን አያግዙንም?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «መላእክቱ የሚመጡ ማታ ነው። አንተ ደግሞ ገና በስድስት ሰዓት ትጠፋለህ፤ የት ያግኙህ?» ይላሉ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው እንደ ግንበኛ ቱንቢ ገመድ ቀጥ ያለ ሰው ነበሩ። ከሁሉ የማስታውሰው አካሄዳቸውን ነው። የእኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ የላትም። ወጣቱ አረፍ የሚልበትን አቀበት እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እያወሩ ይወጡታል። እኔ ተከትያቸው ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝና መልስ መስጠት ያቅተኛል። እሳቸው ግን ዝምታዬን ከጨዋነት ይቆጥሩልኝ ነበር።

የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝም ነበሩ። ማንም ሳይፈልገው የተቀበሉት ሥራ ነው። ኮሌጁ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ኳስ የለ፣ መረብ የለ፣ የተጫዋቹም ግማሽ የት እንደገባ አይታወቅም። ጋሽ መርሻ ልጆቹን አንድ በአንድ ፈልገው ሰበሰቡ። የግቡን ቋሚ ከባሕር ዛፍ ቆርጠው ራሳቸው ተከሉ። ሜዳው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ኳስ በታችኛው በኩል ከወጣች አንዱ ወርዶ እስኪያመጣት ሃያ ሁለቱም ተጫዋች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው በዚያ መሐል ይመክራሉ። «ኳስ እንግዳ ናት» ይላሉ። «እንግዳ ሲመጣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ? ደጅ ድረስ ወጥተህ ነው የምትቀበል። ተቀብለህም ለብቻህ አታስቀራትም፤ ለወንድምህ ታስተዋውቃለህ።»

ፊሽካ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ሲነፉት ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «ሰው እንደ ከብት ይፏጭበታል እንዴ ልጄ? ስም ወጥቶለት የለም?» አሉኝ። ስለዚህ ልጆቹን በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር፤ ነፋስ በሚያይልበት ቀን ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ።

አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ ለአሰልጣኝ ደግሞ ትልቅ ጉድለት ነው። ተጫዋች መቀየር አይችሉም ነበር። አይችሉም ስል አያውቁም ማለቴ አይደለም። የደከመውን፣ ቀልቡ የሌለውን፣ ኳስ የሚያበላሸውን ከማንም በፊት ያዩታል። ግን «ውጣ» ማለት አይሆንላቸውም። «በሰው ፊት፣ እናቱ ቆማ እያየች፣ ውጣ ይባላል?» ይላሉ። ጨዋታው እየከበደ ሲሄድ ወደ መስመሩ ይጠጉና ልጁን በስሙ ጠርተው፣ «እግርህን አመመህ እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል።

ይህች ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነች ቡድኑ ሁሉ ያውቃል። አስተዋይ የሆነ ልጅ ወዲያው ጉልበቱን ይይዝና፣ «አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ቆርጥሞኛል» ብሎ እያነከሰ ይወጣል። ተመልካቹ ያጨበጭብለታል። ጋሽ መርሻ ትከሻውን አቅፈው ይቀበሉታል፤ ክብሩ ሳይነካ ይቀመጣል። ደንዳናው ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ይበላሻል። ከነአኩቶ ለአብ በኩል የሚመጣ ይርጋ የሚባል አጥቂ ነበረን። እግዜር ጉልበት እንጂ ማስተዋል አልሰጠውም ይሉት ነበር።

«ይርጋ! እግርህን አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ! ገና አሁን መሞቄ ነው!»

«አይ፣ ሳይህ ትንሽ ያነከስህ መስሎኝ…»

«ደህና ነኝ አልሁ እኮ! ይዩ!» ብሎ ይዘልላል።

ጋሽ መርሻም፣ «እንግዲህ ደህና ከሆነማ እሰየው፤ ምን ይደረጋል» ብለው ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኛም እንሸነፋለን። የከተማው ሰው «እኛ ዘንድ አሰልጣኝ የለም፤ ወጌሻ ነው ያለን» እያለ ይስቅ ነበር።

ከጨዋታ በፊት የተሰላፊዎቹን ስም ለማስተየብ ወደ እኔ ክፍል ይመጣሉ። አንድ ጊዜ አሥራ ስምንቱንም ስም አስጻፉኝ። «ጋሼ፣ የሚሰለፈው አሥራ አንድ ብቻ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ሰባቱን አንቺ ቀንሺልኝ።»

«እኔ? እኔማ አላውቃቸውም።»

«እሱ ነው ጥሩው፤ ካላወቅሻቸው አታዝኝም።»

መጨረሻ ላይ ካለው ስም ጀመርሁ። «ይኸኛው ይቅር?»

«ኧረ ኧረ! እሱማ እናቱ ከገጠር በእግሯ መጥታ ነው የምታየው።»

«ከሱ በላይ ያለውስ?»

«እሱ ባለፈው ጊዜ ቀርቶበታል፤ ሁለተኛ ቢቀርበት ኳሱንም ትምህርቱንም ይተዋል።»

እንዲህ እያልን እላይ ደረስን። ሁለት ማንንም መቀነስ የማንችል ሰዎች ኮምፒዩተሩን አፍጥጠን ተቀመጥን። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ዕጣ እናውጣ» አሉ። «በዕጣ የቀረ ሰው ‹መርሻ ቀነሰኝ› አይልም።» ስሞቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ጠቀለልሁ፤ እሳቸው አማተቡና የሚሰለፉትን አሥራ አንድ አወጡ። ዕጣው ሁለቱንም በረኞች አሰለፈ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሳቸውም ኮፍያውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አንደኛው በረኛ ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ። ኳስ በመጣችበት ቁጥር በእጁ ሊይዛት ይቃጣው ነበር።

እነዚህን ነገሮች ስጽፍ እየሳቅሁ ነው። የሚቀጥለውን ግን እንዲህ አልጽፈውም።

ወገል ጤና ሄደን ክፉኛ ተሸነፍን። በመልስ መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አልዘፈነም። በማግስቱ ተማሪዎቹ ዲኑ ቢሮ ደጃፍ ተሰበሰቡ፤ አሰልጣኝ ይቀየርልን አሉ። እውነት ነበራቸው። ዲኑ አቶ ፍቅሩ አዲስ ዋና አሰልጣኝ የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋሙ። አምስት ነበርን፤ እሳቸው፣ መምህር ጌትነት፣ ከተማሪዎች ጉዳይ ክፍል ሁለት ሰዎች፣ እና እኔ። እኔ የገባሁት ሴት ስለሌለበትና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው።

አዲሱን አሰልጣኝ መምረጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስክንጠጣ አልቆየም። ወልድያ ላይ ሰለሞን የሚባል ወጣት ነበር፤ የአሰልጣኝነት ሥልጠና የወሰደ፣ ደህና ቡድን የያዘ፣ ለመምጣትም ፈቃደኛ የሆነ። ሁላችንም ተስማማን። ቀኑን የፈጀው ሌላ ነገር ነው።

«እንግዲህ ለጋሽ መርሻ ማን ይንገራቸው?» አሉ ዲኑ።



«የበላይ አለቃቸው እርስዎ ነዎት» አሉ መምህር ጌትነት።

«እኔ? ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ ሰው ናቸው እኮ! በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አንተ ጎረቤታቸው ነህ፤ አንተ ንገራቸው።»

«ጎረቤት ስለሆንሁ ነዋ የማልችለው። ነገም ከነገ ወዲያም ያው በአንድ በር ነው የምንወጣ። አባቴ የሞተ ጊዜ ሬሳውን የገነዙት እሳቸው ናቸው።»

ከተማሪዎች ጉዳይ የመጡት ሁለቱ ጠረጴዛውን ያዩ ጀመር። ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ይወዱሻል።»

እኔ እስክሪብቶዬን ያዝሁና «እኔ…» ብዬ ቀረሁ።  ማንም አልጠበቀኝም።

ዘዴውን ያመጡት መምህር ጌትነት ናቸው። «በቃል ‹በቃዎ› ከምንላቸው በክብር እንሸኛቸው። ዝግጅት እናድርግ፤ ጋቢ እናልብሳቸው። ጋቢ የለበሰ ሰው ይገባዋል።» ሁላችንም ትልቅ ሸክም ከላያችን እንደወረደ ሁሉ ተነፈስን። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በክብር እንዲሸኙ ተወሰነ» ብዬ ጻፍሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያምር ታየኝ።

ዝግጅቱ በኮሌጁ አዳራሽ ሆነ። መምህራኑም ተማሪዎቹም ነበሩ። ዲኑ ንግግር አደረጉ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። «ጋሽ መርሻ የዚህ ቡድን አባት ናቸው» አሉ። «አባት ደግሞ ምንጊዜም አባት ነው፤ ልጅ ቢያድግም፣ ልጅ ሌላ ቤት ቢገባም።» እኛ የኮሚቴው ሰዎች «ሌላ ቤት ቢገባም» የሚለውን ስንሰማ አሁን ገባቸው ብለን ተያየን። ስንብት የሚለው ቃል ግን ከዲኑ አፍ አልወጣም። «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ብለው ጨረሱ። ጋቢውን አለበስናቸው፤ አንዱን ጫፍ እኔ ነኝ የያዝሁት።

ጋሽ መርሻ ቆሙ። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ከወገል ጤናው ነገር በኋላ ‹በቃህ› የምትሉኝ መስሎኝ ነበር። ማን ይፈርድባችኋል? ቡድኑን ይዤ ወደ ታች እየሄድሁ ነው። እናንተ ግን ጋቢ አለበሳችሁኝ። ይህን ያህል ካከበራችሁኝ ምን እላለሁ? ከእንግዲህ በእጥፍ ነው የምሠራ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ሰው ሲያጨበጭብ ምን ይደረጋል?

ስንወጣ ዲኑ መምህር ጌትነትን ወደ ጎን ሳቡ። «አልገባቸውም እኮ!»

«ገብቷቸዋል። ለወግ ያህል ነው እንዲያ ያሉ።»

«‹በእጥፍ ነው የምሠራ› ነው ያሉት!»

«ታዲያ እንደዚያ ከተመሰገነ ሰው ምን ይላል? አሁን ሄደው ‹ጋሽ መርሻ፣ አልገባዎትም› ይሏቸዋል?»

ዲኑ አላሏቸውም። ሳምንቱን ሙሉ አንዱ ሌላው ነግሯቸዋል እያለ ሲጠብቅ ሰነበተ። እኔ በመተላለፊያው ሳገኛቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለበረኞቹ አዲስ ልምምድ እንዳሰቡ ነገሩኝ። ሰምቼ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰለሞንን ከተጫዋቾቹ ጋር ለማስተዋወቅ ቅዳሜ ጠዋት አምስታችንም ወደ ሜዳው ሄድን። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ጉሙ ከገደሉ ገና አልወጣም። ከሩቅ የታየኝ ነጭ ጋቢ ነው። ጋሽ መርሻ ቀድመው መጥተው ጋቢውን ለብሰው መሐል ሜዳ ቆመዋል፤ ልጆቹ በዙሪያቸው ይሮጣሉ። ዲኑ እርምጃቸው ቀነሰ። «ኧረ በማርያም» አሉ በቀስታ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰለሞን ምንም አያውቅም። እሱን ማን ነግሮት? ሜዳው ላይ ሲደርስ ፊሽካውን አውጥቶ ነፋ። ልጆቹ ደንግጠው ቆሙ፤ ልምምድ ላይ ፊሽካ ሲነፋባቸው የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ወደ ጋሽ መርሻ ጠጋ ብሎ፣ በጨዋ አንደበት፣ «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልምምድ ልንጀምር ነው፤ ከሜዳው ይውጡልን» አላቸው።

«ውጣ» ለማንም ብለው የማያውቁት ሰው፣ በልጆቻቸው ፊት፣ እኛ ያለበስናቸውን ጋቢ እንደለበሱ።

ይርጋ ነው የተናገረ። «ምን ማለትህ ነው? እሳቸው እኮ አሰልጣኛችን ናቸው!»

ሰለሞን ግራ ገብቶት ወደ እኛ ዞረ። ልጆቹም ዞሩ። ጋሽ መርሻም ዞሩ። አንድ በአንድ አዩን። ዲኑ ገደሉን ያያሉ። መምህር ጌትነት ጫማቸውን። እኔ ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ መሬት መሬቱን ነበር የማይ። የጋቢው ጥለት ሲንቀሳቀስ ብቻ ታየኝ። ቀና ስል ጎንበስ ብለው የግራ ጉልበታቸውን ይዘዋል።

«አይ ይርጋ» አሉ። «እግሬን አሞኝ የለ? አልነገርኋችሁም እንዴ? እርጅና ነው መሰል፣ እምቢ ብሎኛል። እኔው ነኝ ‹ጎበዝ ሰው ፈልጉልኝ› ያልኋቸው። ይኸው ፈልገው አመጡልኝ።» ወደ ሰለሞን ዞሩ። «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ጥሩ ልጆች ናቸው። በስማቸው ጥራቸው፤ ይሰሙሃል።»

ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡትና እያነከሱ መውጣት ጀመሩ።

ከልጆቹ አንድም የሳቀ አልነበረም። ያቺን ማንከስ ሁሉም ያውቃታል። ለአንድም ቀን አንክሶ የማያውቀው ይርጋ ሮጦ ደረሰባቸውና ትከሻውን ሰጣቸው። መስመሩን እስኪያልፉ ደግፏቸው ሄደ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሁሉም ተከተሉት። እኛም አጨበጨብን። ለሁለተኛ ጊዜ።

ቡድኑ በሰለሞን እጅ ደህና ሆነ። እኛ የመረጥነው ምርጫ ትክክል ነበር፤ ይህን የምጽፈው አለመጻፍ ውሸት ስለሚሆን ነው። ጋሽ መርሻም ለጨዋታ ይመጡና ከሜዳው በላይ ካለው አለት ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ስንሸነፍም ስናሸንፍም ያጨበጭባሉ። በከተማውም ወሬው እሳቸው እንዳሉት ሆነ፤ «መርሻ እግሩን ቢያመው የሚተካውን ራሱ አስመጣ» ተባለ። ዲኑን ማንም አልወቀሰም። ማንም ማንንም አልወቀሰም።

እሳቸው ግን ማንከሱን አልተዉትም። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ያነክሳሉ። ገበያ ላይ ከአምስታችን አንዳችንን ካዩ ያነክሳሉ። መጀመሪያ ላይ፣ ምናልባት እውነት አሟቸው ይሆናል ብዬ ራሴን ማታለል ፈልጌ ነበር። አንድ እሑድ ግን ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከፊቴ አንድ ረጅም ሰው ነጠላውን አደግድጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁ። እንደ ፍየል ነው የሚወርድ። አካሄዱን ለየሁት። ልሸሸግ አሰብሁ፤ ጠጠር ከእግሬ ሥር ተንከባለለ። ዞር አሉ፤ አዩኝ፤ እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ሄደ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ? እግርዎን ተሻለዎት?»

«ደህና ነው። ብርድ ሲሆን ነው እንጂ የሚነሣብኝ።»

የቀረውን መንገድ እያነከሱ አብረውኝ ሄዱ። እኔ ባልኖር ኖሮ ቀጥ ብለው የሚሄዱትን መንገድ። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ብናገረው ግን ያን ሁሉ ጊዜ የሸፈኑትን መግለጥ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሳያቸው ቶሎ ብዬ በሌላ መንገድ እታጠፋለሁ። የማልወዳቸው መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ብዬ ነው።

የቀብሩ ዕለት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ለቅሶ ሊደርሱ በመጡት ሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበርክኬ የትውልድ ቦታቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም ጠየቅሁ። ሰብለ ከኋላዬ ሆና፣ «አሰልጣኝነቱን እንዳትረሺ። እግሩን አሞት በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ፣ የሚተካውንም ራሱ እንዳስመረጠ ጻፊው» አለች።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ሰብለ ሌላ እንግዳ ልትቀበል ሄደች። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ። ማጣራት ልማዴ ነው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ሳላስብ፣ «የትኛው እግራቸው ነበር?» አልሁ።

«አንቺ የትኛውን አየሽ?»

«ግራውን።»

«እንግዲያው ለጌትነት ያነከሰለት በቀኙ ነው» አሉ በቀስታ፣ ከንፈራቸው ላይ የፈገግታ ጥላ እያለ። «ተሳስቶ ነው። ብዙ ጊዜ ይሳሳት ነበር።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አንክሶ አያውቅም። እንደ ጫማ በር ላይ ነበር የሚያወልቀው። እኔም ‹ምነው› ብዬ አልጠየቅሁት።»

እንባዬ መጣ። «እትዬ፣ እኛ እኮ…» ብዬ ጀመርሁ።

እጃቸውን እጄ ላይ ጫን አደረጉ። «ተይው። እሱ እንዳለው ጻፊው» አሉኝ።

እሳቸው እንዳሉት ጻፍሁት።

የሕይወት ታሪኩን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው ያነበቡት መምህር ጌትነት ናቸው። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከወረቀቱ ቀና ብለው በሕዝቡ መሐል ፈለጉኝ፤ አገኙኝም። ከዚያ ድምፃቸውን ጠርገው አነበቡት፤ «ጉልበታቸውን በመታመማቸው፣ ተተኪያቸውን ራሳቸው አስመጥተው፣ ቡድኑን በክብር አስረከቡ።» አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ «ሰው ማለት እንዲህ ነው» አሉ። አጎነበስሁ። አጎንብሼም ከወዲያ በኩል ዲኑ እንዳጎነበሱ አየሁ። ሰው ያለቀስን መሰለው።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ይርጋ ነበር። አሁን ሰውነቱ የሞላ፣ ጢም ያወጣ ሰው ሆኗል። ታሪኩ ሲነበብ አንገቱን አልደፋም።

ከቀብር ስንመለስ አቀበቱ ላይ፣ ሳንጠራራ፣ አምስታችን አንድ ላይ ሆነን ተገኘን።  እግራችን ከብዶን ቀስ እያልን እንወጣለን። ይርጋ ከኋላ ደርሶ አለፈን። ጥቂት እንደራቀ ቆመና ዞር አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልክ እንደሳቸው፣ በሐዘኔታ፣

«ምነው መምህራን፣ እግራችሁን አመማችሁ እንዴ?» አለ።

ከአምስታችን «ደህና ነን» ያለ አልነበረም።